መጠይቅ ወይስ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ? ጣና ዳር ለሚሠራ የማስተርስ ጥናት

ባሕር ዳር የሶሲዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነህ እንበል። ርዕስህ እምቦጭና የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ነው። ከአማካሪህ ጋር ቀድመህ የምትጨርሰው የዘዴውን ጉዳይ ነው።

መጠይቅ ስፋት ይሰጣል። አስጋሪዎቹ 1000 ቢሆኑ፣ ተማሪዎች ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለባቸው ለማስላት በሚያዘወትሩት የያማኔ ቀመር፣ በ5 በመቶ የስህተት መጠን 286 ሰው ይበቃል። ግን የስም ዝርዝር ይፈልጋል። በማኅበር የታቀፉት መዝገብ ላይ ይገኛሉ፤ በደንገል ታንኳ ለብቻቸው የሚያሰግሩት ግን ሊዘለሉ ይችላሉ። አረሙ ይበልጥ የጎዳው እነሱን ከሆነ ውጤቱ ከመነሻው ያጋደለ ነው።

ጥልቅ ቃለ መጠይቅ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ አባት መረባቸው በእምቦጭ ሲያዝ ምን እንዳደረጉ፣ ከማን እንደተበደሩ፣ ልጃቸው ሥራውን ለምን እንደተወ በራሳቸው አንደበት ይነግሩሃል። ይህ «እስማማለሁ፣ አልስማማም» በሚል ሳጥን ውስጥ አይገባም። ድካሙ ግን ከባድ ነው። የ1 ሰዓት የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

የአማካሪው ሥራም ይለያል። መጠይቅ ከሆነ፣ ከመበተኑ በፊት ጥያቄ በጥያቄ አሳየው፤ ከተበተነ በኋላ የተበላሸ ጥያቄ አይታረምም። ቃለ መጠይቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቅጂዎች ይዘህ ሂድ። የትኛው ጥያቄህ መልስ እንደሚያጎርስ ያሳይሃል።

እኔ ለእንዲህ ያለ ርዕስ ቃለ መጠይቁን እመርጣለሁ። አማካሪህ ቁጥር የግድ ካለህ፣ ከሰማኸው ተነስተህ አጭር መጠይቅ አዘጋጅ።