እስከ 118 የሚደርሰው የግድግዳ ሰንጠረዥ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። መስከረም ላይ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይህን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ በ480 ብር ገዛሁ። ከራሴ ኪስ ነው። የክፍላችን አሮጌ ሰንጠረዥ ወረቀት ስለነበር በክረምቱ ጉም ረጥቦ ተጨማደደ፤ ደግሞም 112 ላይ ያበቃል። አዲሱ ላሚኔት የተደረገ ነው። ስምንት ወር ሆነው፣ ጫፉ እንኳ አልተላጠም።

የገዛሁት ግን ለሰባተኛው ረድፍ ስል ነው። ሙሉ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ስማቸው የጸደቀው ኒሆኒየም፣ ሞስኮቪየም፣ ቴኔሲንና ኦጋኔሰን አሉበት። የአቶም ቁጥሩም፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ ብዛት፣ ከኋላ ወንበር ይነበባል። በጣም የወደድኩለት ይህንን ነው፤ ልጆቹ ግድግዳውን እያዩ ይደምራሉ። ካልሲየም 20 ፕሮቶን፣ ካሊፎርኒየም 98። ድምሩ 118፣ ኦጋኔሰን። ሩሲያ ዱብና ላይ ሳይንቲስቶች ከአሜሪካኖች ጋር ሆነው ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ካልሲየም 48ን የብርሃንን ፍጥነት አንድ አሥረኛ በሚያህል ፍጥነት አስወንጭፈው ካሊፎርኒየም ላይ መቱት። ጃፓኖች ዚንክን ቢስመዝ ላይ መትተው 113ን፣ ኒሆኒየምን፣ አገኙ። 30 ሲደመር 83። በ2004፣ በ2005 እና በ2012 አንድ አንድ አቶም፤ ያ ሁሉ ዓመት ለሦስት አቶም!

ልጆቹ «ተራው ካልሲየም ለምን አይሆንም?» ብለውኛል። ተራው 20 ኒውትሮን ነው ያለው፤ ካልሲየም 48 ግን 28። በከባድ ኒውክለስ ውስጥ ፕሮቶኖቹ በኃይል ስለሚገፋፉ ኒውትሮን በብዛት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን አናዶኛል። ኦጋኔሰንን እንደ ኒዮን በጋዝ ቀለም ቀብተውታል። ማን ለክቶት? እስካሁን የተገኙት አቶሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ አልፋ (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን ያለው ቅንጣት) ተፍተው ይፈርሳሉ። መኖራቸው የታወቀውም ዲቴክተሩ የመዘገበውን ተከታታይ የአልፋ ሰንሰለት ወደ ኋላ በመከተል ነው። ስሌቶች እንዲያውም ጠጣር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ከአንኮበር የመጣች ተማሪዬ «ቲቸር፣ ጋዝ ነው ብዬ ልጻፍ?» ስትለኝ ሳጥኑ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበት።

እሱን ካስተካከላችሁት ዋጋው አያስቆጭም። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ዘርግታችሁ እዩት። 113ን ገና በጊዜያዊ ስሙ ኡኑንትሪየም የሚል የቆየ ሕትመት አብሮ ተጠቅልሎ በዚያው ዋጋ ይሸጣል።