ምናለሽ ተራና አካባቢው፦ አራት የተበላሹ ዕቃዎቼን ይዤ የዋልኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ወር ከስልኬ ላይ ስምንት የቴሌግራም መሸጫ ቻናሎችን አጠፋሁ። ጫማ፣ ቦርሳ፣ ሽቶ፣ የዱባይ ዕቃ፣ የሌለ የለም። ሁሉም በየቀኑ «ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን፣ ቶሎ ይዘዙን» ይላሉ። ደሞዝ የሚወጣበት ሰሞን ይብስባቸዋል፤ እኔም ይብስብኛል። አንድ ቀን ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ስቆጥር 11 ጥንድ ጫማ አገኘሁ። የማደርጋቸው ሦስቱን ብቻ ነው። ከቀሩት አብዛኞቹ የተቀመጡት ሶላቸው ስለተላቀቀ ወይም ዚፓቸው ስለተበላሸ ነው፣ እኔ ደግሞ እነሱን በማሠራት ፈንታ ሌላ ስገዛ ኖሬያለሁ። ከልቤ አናደደኝ።

ስለዚህ ለሦስት ወር አዲስ ዕቃ ላልገዛ፣ ያለኝን ላሠራ ወሰንኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ታቹ የተበሳውን የእናቴን የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ቦት ጫማ፣ ጭኑ ላይ የተቀደደ ጂንስና ባትሪው ግማሽ ቀን የማይቆይ ስልክ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ መርካቶ ወረድኩ።

መጀመሪያ የገባሁት ምናለሽ ተራ ነው። ቦታው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። ቆራሌው ከየደጃችን እየጮኸ የሚሰበስበው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ጄሪካንና አሮጌ ብረት እዚህ ይራገፋል። በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። የሚጣል ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። የሰፈሩ ስም ራሱ ጥያቄ ነው። እኔንም ከረጢቴን ሲያዩ የምሸጥ መስሏቸው «ምን አለሽ?» እያሉ ጠየቁኝ።

አንድ ቀጥቃጭ ምድጃውን ገልብጦ አየና «ይሄ እኮ ገና ነው፣ ለምን ይጣላል?» አለኝ። ከአሮጌ በርሜል ክብ ቆረጠ፣ ጠርዙን አጠፈ፣ ቀጠቀጠና ገጠመው። 25 ደቂቃ አልፈጀበትም። የከፈልኩት 150 ብር ነው። እናቴ አሁን ከአዲሱ ይሻላል ትላለች፤ ታቹ ከበፊቱ የወፈረ ስለሆነ እኔም ልክ ናት እላለሁ።

ጫማዎቹን የወሰድኩት ጎዳና ዳር ጥላ ዘርግተው ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ ነው። የቀኑ ምርጥ አገልግሎት የእሳቸው ነበር። ሁለቱንም ቦቶች በጣታቸው እያሹ አዩና አንዱን መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ቆዳ አይደለም፣ ተልጦ ያልቃል። በከንቱ ገንዘብሽን አልቀበልም» አሉኝ። ይህን የሚልሽ ሻጭ የት ይገኛል? ሌላኛውን የድሮ ሶሉን ገፈው፣ ከጎማ የተቆረጠ ሶል በማስቲሽ ለጥፈው፣ ዙሪያውን በወስፌ ሰፉት። አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው የጠበቅኩት። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ያገለግለኛል?» ብላቸው «አንቺ እስክትሰለቺው» አሉኝ። 600 ብር ከፈልኩ። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ቦት ስንት እንደገባ የምታውቁ ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። ደግሞ የጎማ ሶል የድህነት ምልክት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ከዘነበ ወርቅ ሰፈር ተነስታ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት የመሠረተችው በዚሁ በጎማ ሶል ነው፤ ጫማዎቿም ዓለም ገበያ ደርሰዋል።

ጂንሱ ቀላል ነበር። ልብስ ሰፊው ከውስጥ በኩል ጨርቅ ደርቦ በተመሳሳይ ቀለም ክር ደጋግሞ ሰፋበት፣ 120 ብር። ቅርብ ሆኖ ያላየው አያውቅም። የተባበሩት መንግሥታት አንድ ጂንስ ለመሥራት ከጥጥ እርሻው ጀምሮ ወደ 7,500 ሊትር ውሃ እንደሚፈጅ ይናገራል። ከውሃው በላይ ግን እኔን የሚቆረቁረኝ የሰፊዎቹ ነገር ነው። በ2011 የወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፏል። እነዚያ ልጆች የእኔ እኩዮች ናቸው። ሰፍተው የሚልኩትን ልብስ አንድ ሰው ሁለቴ ለብሶ ይጥለዋል። ያን ሰው መሆን አልፈልግም።

ስልኩ ላይ ተሸወድኩ። ሱቁን አልጠራም። ባትሪው «ኦርጅናል ነው» ተብዬ 1,400 ብር ከፈልኩ፤ በአምስተኛው ቀን ወደ ድሮው ተመለሰ። ተመልሼ ስሄድ «እኛ አልሠራንም» አሉኝ፣ ደረሰኝ አልነበረኝም። ስለዚህ ስልክ ስታሠሩ ዓይናችሁ እያየ ይፈታ፣ የድሮውን ባትሪ ተቀበሉ፣ ዋስትናውን በወረቀት አስጽፉ። በኋላ የሰፈሬ ልጅ ነው ያስተካከለልኝ፣ የአንድ ወር ዋስትና ጽፎ ሰጥቶኝ።

ባጠቃላይ ለምድጃው፣ ለጫማውና ለጂንሱ 870 ብር ወጣብኝ። ለቀጥቃጩ ከአምስት አምስት፣ ለጫማ ሰፊው ቢኖር ስድስት እሰጣለሁ። ለስልኩ ሱቅ ምንም።

አምስተርዳም ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው መጥተው አብረው የሚጠግኑበት ቦታ ተከፍቶ፣ ሐሳቡ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። ደስ ይላል። እኛ ጋ ግን ጠጋኙ ከደጃችን አይርቅም፣ እኛ ነን ያለፍነው። እኔና አምስት ጓደኞቼ አሁን በወር አንድ እሁድ ቡና አፍልተን የማንለብሰውን ልብስ እንለዋወጣለን። ሁለት ቀሚስ ሰጥቼ አንድ ጃኬት አግኝቻለሁ፤ የጃኬቱ ዚፕ ተበላሽቶ ነበር፣ የት እንደወሰድኩት ታውቃላችሁ።

ለምትሄዱ፦ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ መተላለፊያ የለም። መሬቱ የብረት ቁራጭ ስለሚበዛበት ሽፍን ጫማ አድርጉ። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ስልካችሁን ከፊት ኪስ አድርጉ። ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን እጁ በእሳትና በብረት የተቆራረጠን ሰው በ20 ብር አታድርቁት። እኔ በሚመጣው ቅዳሜ የጎረቤታችንን የእትዬን ሽቦው የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከባድ ስለሆነ ወንድሜን ካሁኑ ለምኜዋለሁ።