ፈረሰኛው የተቆረጠበት ፖስተር

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። ሁለቱም ለወረቀቱ ነው።

ያዘዝኩት የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዣን ፍራንሷ ሚሌን የ1857 (እ.ኤ.አ.) ሥዕል ነበር፤ ሦስቱ ቃራሚ ሴቶች ያሉበትን። ኦንላይን ከሚሸጥ ሱቅ፣ 50 በ50 ሴንቲሜትር፣ ከነፍሬሙ። በሰዓቱ ደረሰ፣ መስታወቱም አልተሰነጠቀም። ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልኩት። ግን የሆነ ነገር ቅር አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስልክ እያወራሁ ሳፈጥበት ገባኝ። ፈረሰኛው የለም!

ዋናው ሥዕል ካሬ አይደለም። ቁመቱ ወደ 84፣ ወርዱ ወደ 110 ሴንቲሜትር ነው። እነዚህ ሰዎች ካሬ ፍሬም ውስጥ ለመክተት ቀኝ ጎኑን ቆርጠው ጥለውታል።

የጥፍር ያህል ለምትሆን ፈረሰኛ ይህን ያህል ማካበድ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ሥዕሉን እንየው። ከፊት ሦስት ሴቶች አሉ። ሁለቱ መሬት ድረስ አጎንብሰዋል፣ ሦስተኛዋ ግማሽ ቀና ብላለች። በስተግራ ያለችው፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረችው፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። በዚያው እጇ የለቀመችውን ዛላ ጨብጣለች። የሠራችው ሁሉ እፍኝ አይሞላም። አሁን ከኋላቸው ተመልከቱ። ተራራ የሚያክል ክምር፣ ነዶ የተጫነበት ጋሪ፣ የሚርመሰመስ አጫጅ። ብርሃኑም ያለው እዚያ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ አለ።

እሱን ሲያወጡት እርሻው ባለቤት አልባ ይሆናል። ሦስት ሴቶች ሜዳ ላይ የሆነ ነገር ይለቅማሉ፣ በቃ። እሱ ሲኖር ግን እህሉ የማን እንደሆነ፣ የወደቀው ደግሞ ለማን እንደቀረ በአንድ እይታ ይገባል።

ሱቁ ደግሞ ርዕሱን «አጫጆች» ብሎታል። ኧረ በፈጣሪ! አጫጆቹ እኮ ከኋላ ያሉት ናቸው። እነዚህ ቃራሚዎች ናቸው፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ የወደቀውን የሚለቅሙ ድሆች። ሩት በቦዔዝ እርሻ የሠራችው ማለት ነው። ሚሌ የሩትንና የቦዔዝን ታሪክም ከዚህ ቀደም ብሎ ስሎታል።

ቀለሙም ተነካክቷል። ዋናው ላይ ሴቶቹ ያሉበት መሬት ደብዘዝ ያለ ነው። እዚህ ግን ሁሉም ነገር ማር የተቀባ ይመስላል። ለካላንደር ይሆናል።

ሥዕሉ ፓሪስ ለሕዝብ ሲቀርብ ከ1848ቱ የፈረንሳይ አብዮት 9 ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። ባለፀጋዎቹ እነዚህን ሦስት ጎንባሶች ሲያዩ ደስ አላላቸውም፤ ድሃ እንዲህ ገዝፎ ሲሳል አስፈራቸው። ሚሌ በ3,000 ፍራንክ ሸጠው። እሱ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ በ300,000 ፍራንክ ተሸጠ። ገዢዋ የሻምፓኝ ነጋዴ ነበረች። እሷም ስትሞት ለመንግሥት ሙዚየም ተሰጠ። ዛሬ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ነው ያለው።

ለሱቁ ጻፍኩላቸው። «ለፍሬሙ እንዲመች ነው» አሉኝ። ፈረሰኛው የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ ግን «የትኛው ፈረሰኛ?» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም። ገንዘቤን መልሰውልኛል። ፖስተሩን ይመልሱ አላሉኝም፤ አሁን ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ነው።

ሌላ ቦታ ያልተቆረጠ አግኝቻለሁ። የማያብለጨልጭ ወረቀት ነው፣ ዳርና ዳሩ ነጭ የተተወለት። ፍሬሙን ለብቻ ማሠራት ነበረብኝ። ትናንት ሰቀልኩትና መጀመሪያ ያየሁት ቀኝ ጎኑን ነው። ሰውየው አለ፣ ፈረሱ ላይ።