የፀሐይ ቅርፊት፦ በናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይስ ቅባት?

የአዳማ ፀሐይ አትምርም፤ አልቢኒዝም (በተፈጥሮ የቆዳ ቀለም ማነስ) ላለበት ሰውማ ይብሳል። ግንባር ወይም ጆሮ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር፣ ቢላጥም ተመልሶ የሚመጣ ቅርፊት ወደ ካንሰር ሊቀየር ስለሚችል መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው።

በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፦ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ለሰከንዶች ይረጫል። ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይደርቃል። ጠይም ቆዳ ላይ ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ናይትሮጅን ስለሚተን፣ ከመሄድ በፊት ክሊኒኩ ጋ መኖሩን ደውሎ መጠየቅ ነው።

5 በመቶ ፍሎሮዩራሲል (የተበላሹ የቆዳ ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) ቅባት፦ ቤት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ቆዳው ይቀላል፣ ይቆስላል፤ ሰው እዚህ ጋ ፈርቶ ያቋርጣል፣ መድኃኒቱ እየሠራ የነበረው ግን ያኔ ነው። ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው።

አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ ማቀዝቀዙ፤ ፊቱን ካዳረሰ በዓይን ያልታየውንም ስለሚያገኝ ቅባቱ።