ለአዋቂ ኤዲኤችዲ የቤተሰብ ሐኪም ይበቃል? የታከምኩበት ክሊኒክ ግምገማ

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ያለ ተራ የቤተሰብ ክሊኒክ ነው። ሰው ጉንፋን ሲይዘው፣ ስኳሩን ሲለካ፣ ልጁን ሲያስከትብ የሚሄድበት ዓይነት። እኔ የሄድኩት ግን አርባን ካለፍኩ በኋላ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ይኖርብኝ እንደሆነ ለመመርመር ነው። የራሴ የጤና ጉዳይ ስለሆነ የክሊኒኩን ስም እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ ለጠየቀኝ እነግራለሁ። ይህን የምጽፈው ብዙ ሐበሻ «ይሄ እኮ የልጆች ነው» ብሎ ስለሚተወው፣ የቀረው ደግሞ የት ሄዶ እንደሚጀምር ስለማያውቅ ነው።

የልጆች ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2023 ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው በሐኪም የተነገራቸው አዋቂዎች 15.5 ሚሊዮን ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው። የኔም ታሪክ ይኸው ነው። መጀመሪያ የታወቀው የልጄ ነበር። የሕፃናት ሐኪሙ ስለ ልጄ የሚጠይቀኝን እየመለስኩ ሳለ፣ ግማሹ መልስ ስለ ራሴ እንደሆነ ገባኝ። ነገሩ በቤተሰብ ይተላለፋል፤ ወላጅ በልጁ ምርመራ ራሱን ማግኘቱ የተለመደ ነው።

ሴቶች ላይ ደግሞ በቀላሉ አይታይም። ክፍል ውስጥ የሚሯሯጥ ወንድ ልጅ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ጥግ ላይ ተቀምጣ በሐሳብ የምትነጉድ ሴት ልጅ ግን «ዝምተኛ ናት» ተብላ ታልፋለች። ሳድግም ያው ነው፦ ሽሮ ጥጄ ስልክ አነሳለሁ፣ ስልኩን ይዤ ልብስ ላጥፍ እሄዳለሁ፣ ልብሱ መሀል ያልከፈልኩት የመብራት ቢል አገኛለሁ፣ ቢሉን ልክፈል ብዬ ስቀመጥ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ እያለ የዘገየበት ቅጣት እከፍላለሁ። ይህ አንድ ቀን ሲሆን ማንም ላይ የሚደርስ ነው። ዕድሜ ልክ ሲሆን፣ ሥራም ትዳርም ሲነካ ነው ሐኪም ጋ የሚያስኬደው።

የአእምሮ ስፔሻሊስት ቀጠሮ ስጠይቅ ያሉኝ ወራት ጠብቂ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሞከርኩት አንድ የኦንላይን አገልግሎት ነበር። በቪዲዮ ያነጋገረችኝ ሴትዮ ጥያቄዎቹን ከስክሪን ላይ እያነበበች ጠየቀችኝ፣ መልሴን ሞላች፣ ማዘዣ ልላክልሽ አለች። የደም ግፊቴን የለካ የለም። ልጅ ሆኜ እንዴት እንደነበርኩ የጠየቀ የለም። ልቤን ታምሜ አውቅ እንደሆነ እንኳ አልተነሳም። መድኃኒቱን ሄጄ አልወሰድኩትም፣ ምክንያቱም ባለሙያ አይቶኛል የሚል ስሜት አልነበረኝም።

ሁሉም የኦንላይን ሕክምና እንዲህ ነው አልልም፤ ሥራቸውን በሥርዓት የሚሠሩ አሉ። ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የአንዱን እንዲህ ያለ ድርጅት መሥራች አደራል የሚባለውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት ያለ አግባብ አከፋፍላለች ብሎ አሰራት። ሲዲሲም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎች መድኃኒታቸው ሊቋረጥ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ይህ ሕክምና ማዘዣ ተቀብሎ መለያየት አይደለም፣ ዓመታት የሚቀጥል ክትትል ነው። የሚከታተላችሁ ሰው ነገም እዚያው መገኘት አለበት።

ወደ ክሊኒኩ ልምጣ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ረጅም ነበር፣ ክኒንም አልታዘዘልኝም፤ እሱን ነው የወደድኩት። ነርሷ ክብደቴን፣ የደም ግፊቴንና የልብ ምቴን መዘገበች። ከዚያ ኤኤስአርኤስ የሚባለውን መጠይቅ ሰጠችኝ። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የተዘጋጀ 18 ጥያቄ ያለው ቅጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥያቄዎች ዋናዎቹ ማጣሪያዎች ናቸው፤ ከእነሱ አራቱ ላይ ምልክት ከወጣ ወደ ዝርዝር ምርመራ ይገባል። ዶክተሯ ወረቀቱን አየችና «ይሄ በሩን ከፈተልን እንጂ መልስ አይደለም» አለችኝ። ይህን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ቲክቶክ ላይ መጠይቅ ሞልቶ «አለብኝ» ብሎ የሚደመድም ሰው በዝቷል።

ቀጥላ መስፈርቱን አስረዳችኝ። የትኩረት ማጣት ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፣ የመቅበጥበጥና የመቸኮል ደግሞ ሌላ ዘጠኝ። አዋቂ ሰው ከአንዱ ወገን ቢያንስ አምስት ሊኖረው ይገባል። ሥራ ቦታም ቤትም፣ ማለትም ቢያንስ ሁለት ቦታ መታየት አለበት። ኑሮን የሚጎዳ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ የተወሰኑት ምልክቶች ከ12 ዓመት በፊት የነበሩ መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሐኪሞች የሚመረምሩበት መመሪያ እስኪሻሻል ድረስ ገደቡ 7 ዓመት ነበር።

እና የልጅነቴን ማን ይመስክር? የትምህርት ቤት ካርዴ ደሴ ቀርቷል። ዶክተሯ «እናትሽ አሉ?» አለችኝ። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆነን በዋትስአፕ ደወልን፤ የክሊኒኩ አስተርጓሚ ደግሞ በጠረጴዛው ስልክ ላይ ነበር። እማዬ ሳትጠየቅ ጀመረች። «ጨው ግዥ ብዬ እልካታለሁ፣ መንገድ ላይ ከልጆች ጋር ቆማ አገኛታለሁ። ጨውም የለ፣ ሳንቲሙም የለ። ደብተር ገዝተን አልቻልናትም። ክፉ ልጅ ግን አልነበረችም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄን አበደች አላችኋት እንዴ?» አለች። አስተርጓሚው ተረጎመ። ዶክተሯም ጊዜ ወስዳ መለሰች፣ እሱም «አይደለም እማማ፣ እብደት አይደለም፤ ከተፈጥሮዋ ጋር የመጣ የትኩረት ችግር ነው፣ የአስተዳደግም ጥፋት አይደለም» ብሎ ነገራት። እናቴ ለራሷም ያንን ቃል ፈልጋው እንደነበር ከትንፋሿ ታወቀኝ። ለዚህ ብቻ አምስተኛውን ኮከብ ልሰጥ ምንም አልቀረኝ።

ኤዲኤችዲ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችንም አንድ በአንድ አየች። የእንቅርት እጢና የደም ማነስ ምርመራ በደም አዘዘች። ስለ እንቅልፌ፣ ማንኮራፋት አለብኝ ወይ ብላ ጠየቀች፤ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆረጥበት ሰው ቀን ላይ ትኩረቱ እንደሚጠፋ ነገረችኝ። ስለ ድብርት፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ መጠጥ ጠየቀች። ከቤተሰብ በድንገት በልብ የሞተ ሰው ካለ ጠየቀች። ጫትም ጠየቀች! አካባቢው ላይ ብዙ ሐበሻ ስለምታክም ታውቀዋለች። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከኤዲኤችዲ መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ ልብና የደም ግፊት ላይ ጫናው ይበዛል። አሜሪካ ውስጥ ጫት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሰው ይደብቃል። እሷ ግን የጠየቀችው እንደ ፖሊስ አልነበረም። የሚቅም ወንድም ወይም ባል ካላችሁ እውነቱን ለሐኪሙ ይናገር።

ሕክምናው የተጀመረው ሜቲልፌኒዴት በሚባል፣ ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ በሚለቀቅ አነቃቂ መድኃኒት፣ በ18 ሚሊግራም ነው። ከዝቅተኛ ተነስቶ ቀስ እያሉ መጨመር ነው አሠራሩ፤ በየቀጠሮው ግፊትና የልብ ምት ይለካል። አደራልና ቫይቫንስ የሚባሉት ከሌላው የአነቃቂ ወገን፣ ከአምፌታሚን ናቸው። አነቃቂ ያልሆኑም አሉ፣ እንደ አቶሞክሴቲን፤ እሱ ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። አማራጮቹን ሁሉ አስቀምጣልኝ ነው አብረን የመረጥነው።

ቡናን በተመለከተ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ቀርቷል፣ ልቤ ይመታ ስለነበር አቦል ላይ አቆማለሁ። ጾም ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ቀኑ ከባድ ነው፣ ራስ ምታትም ያመጣል። ዶክተሯ ጾምሽን ተይ አላለችኝም። ሲፈታ በደንብ መብላት እንዳለብኝ፣ ውሃ የሚጠጣበትን ሰዓት እንዳላሳልፍ ነገረችኝ፣ በዐቢይ ጾም ወቅትም ክብደቴን ትከታተል ነበር። ይህን የማታነሳ ሐኪም ብትሆን እኔም ባላነሳሁት።

ታዲያ አንዱ ኮከብ ለምን ቀነሰ? ግማሹ ከክሊኒኩ ውጭ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ ሪፊል የሚባል ነገር የላቸውም፤ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ የአደራል እጥረት መኖሩን ካሳወቀ ወዲህ ደግሞ ሌሎቹም ላይ እጥረቱ ተዛመተ። በሲዲሲው ጥናት አነቃቂ መድኃኒት ከሚወስዱት አዋቂዎች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ በዓመቱ ውስጥ መድኃኒት ፍለጋ ተቸግረዋል። እኔም ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬያለሁ። ነገር የሚረሳን ሰው በየወሩ እንዲህ ማንከራተት በጣም ያሳዝናል።

ሌላው ግማሽ ግን የክሊኒኩ ነው። የፊት ዴስኩ ደካማ ነው። ማዘዣ ጠይቄ በፖርታሉ የጻፍኩት መልእክት ቀናት ተቀምጦ መድኃኒቴ አልቆ ያውቃል። ኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ ሲጠይቅ ወረቀቱን የላኩት ደጋግሜ ደውዬ ነው። በዛ ላይ ከክኒን ውጭ ያለው እርዳታ ቀጭን ነው። ጊዜን መከፋፈል፣ ሥራን መጀመርና መጨረስ የሚያለማምድ የንግግር ሕክምና እንደሚጠቅም ዶክተሯ ራሷ ነግራኛለች፤ የተሰጠኝ ግን የስልክ ቁጥር ዝርዝር ብቻ ነው፣ አማርኛ የሚናገር አንድም የለበትም። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ አገኘሁ። መድኃኒቱ ትኩረቱን ይሰጣል፣ ቢሉን ግን አይከፍልም፤ ቢሎቼ በራሳቸው እንዲከፈሉ ያደረግኩት እዚያ በተማርኩት ነው።

ለሁሉም ሰው የቤተሰብ ሐኪም ይበቃል አልልም። ባይፖላር ወይም ሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ሱስ ያለበት፣ የልብ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እነዚህን ዶክተሯ ራሷ ከስፔሻሊስት ጋር ነው የምታየው። እንግሊዝ አገር ያላችሁም አሠራሩ ይለይባችኋል፤ እዚያ የቤተሰብ ሐኪሙ ወደ ስፔሻሊስት ይልካችኋል፣ ምርመራው ካለቀና መድኃኒቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ክትትሉን የሚረከበው። እዚህ ግን ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ሐኪሙ ጊዜ ከሰጠ ይበቃል። «የአእምሮ ሐኪም ጋ ታየች» መባልን ለሚፈራ ሰውም ይህ በር ይቀላል፤ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ማን ለምን እንደመጣ አይታወቅም።

ለመሄድ ያሰባችሁ መጀመሪያ ደውላችሁ «የአዋቂ ኤዲኤችዲ ታክማላችሁ ወይ? አነቃቂ መድኃኒትስ ታዝዛላችሁ?» በሉ፤ ጭራሽ የማያዙ ክሊኒኮች አሉ፣ ሄዳችሁ ከምትመለሱ። ረጅም ቀጠሮ ጠይቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምራችሁ ጽፋችሁ ያዙ። ልጅ ሆናችሁ የሚያውቃችሁን ታላቅ እህት፣ ወንድም ወይም እናት ስልክ እንዲጠብቁ ንገሯቸው። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ቀጠሮ ስትይዙ አስመዝግቡ። ሜዲኬይድ ወይም ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት፣ ስለዚህ የራሳችሁን ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አታምጡ።