ባህር ዳር ላይ ለልጆቻችሁ ጁጂትሱ የምትፈልጉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

አምስት ሳምንት አገር ቤት ቆይቼ ከተመለስኩ ገና አስር ቀኔ ነው። እናቴ ባህር ዳር ናት። ስለ ማረፊያው፣ ስለ ሲም ካርዱ፣ ስለ ባንኩ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። እኔ ልጆቹን ስላስገባሁበት የጁጂትሱ ትምህርት ልጻፍ፣ ያ ተያይዞ መሬት ላይ የሚሠራው ትግል። ሁለት ቦታ ሞክረናል። አንዱ ኪሴንም የእህቴን ልጅ ክንድም ጎዳ። ሁለተኛውን ሳስበው አሁንም ዓይኔ እንባ ያቀራል።

የምኖረው ዴንቨር ነው። ብራዚሊያን ጁጂትሱ ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ፣ ሰማያዊ ቀበቶ አለኝ። የ13 ዓመቱ ልጄም ይሠራል። እሱ ከልምምድ እንዳይርቅ ብዬ፣ ደግሞ የ15 ዓመቱ የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ስትመጪ እኔንም አስጀምሪኝ" እያለ በስልክ ዓመት ሙሉ ስለወተወተኝ፣ ገና ከቤት ሳልነሳ ነው ቦታ ማፈላለግ የጀመርኩት። ቲክቶክ ላይ አንድ ጂም አገኘሁ። ቪዲዮው ያምራል፣ ልጆች አየር ላይ ይገለባበጣሉ። ደወልኩ። በወር 1,500 ብር አሉኝ።

ስንሄድ ዋጋው ተቀየረ። ለእህቴ ልጅ 1,500፣ ለልጄ 9,000። ለምን ብዬ ስጠይቅ በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ሰበር አድርጋ "ከውጭ ለሚመጡ ሌላ ነው" አለች። በእሷ አልፈርድም፣ የታዘዘችውን ነው። ልጄ ግን ሰምቷል። ደረጃውን ስንወርድ "እማ፣ እኔ እዚህ ፈረንጅ ነኝ?" አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አያቱ ቤት አገሩ እንደሆነ ስነግረው ኖሬ፣ በአንድ የዋጋ ዝርዝር ፈረሰ። ከዚያ ለምዝገባ በሰው 1,000 ብር ተጨመረ። ከዚያ ዩኒፎርም የግድ ከእኛ ነው የሚገዛው ተባለ፣ አንዱ 6,000። ልጄ የራሱን ይዞ መጥቷል፣ አሳየኋቸው፣ አይሆንም አሉ። በጠቅላላ 24,500 ብር። ደረሰኝ ስል "ነገ ይሰጥሻል"። የሸጡልን ዩኒፎርም ደግሞ ስስ የቴኳንዶ ነው። ጁጂትሱ ላይ ኮሌታና እጅጌ ተይዞ ስለሚጎተት ጨርቁ ወፍራም መሆን አለበት። የእህቴ ልጅ ኮሌታ በሁለተኛው ቀን ተተረተረ።

ሰዓቱ 11 ነው ተብሎ አሰልጣኙ 12 ሰዓት ከሩብ ይመጣል። አንድ ቀን ቢሆን ችግር የለውም፣ የሰው ነገር ነው። በስድስት ቀን ውስጥ አራት ቀን ነው። ልጆቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ሳያሟሙቁ ቀጥታ ወደ ቴክኒክ። የመጀመሪያው ቀን ምን አስተማራቸው መሰላችሁ? ዘሎ ሰው ክንድ ላይ መንጠልጠል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በሁለት እግር እንደ መቀስ ገብቶ ሰውን ከጎን መጣል። ይህ አጣጣል በጁዶም በጁጂትሱም ውድድር የተከለከለ ነው፣ ለጥቁር ቀበቶም ቢሆን። የጣዩ ክብደት በሌላው ጉልበት ጎን ላይ ስለሚያርፍ ጉልበቱን ሊሰብር ይችላል። እሱ ግን መውደቅ እንኳ ላልተማሩ ልጆች አሳየ። ተነስቼ ተናገርኩ። "እዚህ አሰልጣኙ እኔ ነኝ፣ ወላጅ ውጭ ይጠብቅ" አለኝ።

በስድስተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ክንዱን አቅፎ መጣ። አብሮት የሚሠራው ልጅ ክንዱን ዘርግቶ ሲጫን፣ የእኛው ልጅ መቼ በእጁ መታ አድርጎ "በቃኝ" ማለት እንዳለበት አያውቅም። ታፕ የሚባል ነገር ማንም አልነገረውም! በእጅህ የተጋጣሚህን ገላ ወይ መሬቱን ሁለት ሦስቴ መታ መታ ታደርጋለህ፣ እሱ ወዲያው ይለቃል፣ በቃ። ዴንቨር ለአምስት ዓመት ሕፃናት በመጀመሪያው ደቂቃ የሚነገር ነገር ነው። ይህ ልጅ ግን ጥርሱን ነክሶ ቻለው፣ የጎጃም ልጅ አይደል፣ መጮህ ነውር መሰለው። አጥንቱ አልተሰበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክርኑ ግን ሁለት ሳምንት አብጦ ነበር።

ገንዘቤን መልሱ አልኩ። ነገ ነይ። ነገ ሄድኩ፣ ባለቤቱ የለም። ከነገ ወዲያ ሄድኩ፣ ሂሳብ ሠራተኛዋ የለችም። ሰኞ አሉ፣ ሰኞ በሩ ዝግ ነው። ባጃጅ ላይ የጨረስኩት ብር ራሱ ቀላል አይደለም። በስምንተኛው ቀን ባለቤቱ ተገኘና "እህቴ፣ ለእናንተ እኮ ይህ ምንም አይደለም" አለኝ። ይህ አባባል ነው ያንገበገበኝ። ሌሊት ሠርቼ ያመጣሁት ገንዘብ ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ 8,000 ብር መለሰልኝ። ቀሪው ቀርቷል። የሰፈር ሰው በሽማግሌ እንያዘው ብሎኝ ነበር፣ የዕረፍት ቀኔ እያለቀ ስለሆነ ተውኩት።

ብሩን ልርሳው። ትምህርቱ ግን አሁንም ያናድደኛል። ጁጂትሱ መዝለል አይደለም። ጃፓናዊው የጁዶ ሰው ሚትሱዮ ማኤዳ በፈረንጆች 1914 ብራዚል ገብቶ ካስተማራቸው መካከል ካርሎስ ግሬሲ ይገኝበታል። እሱና ወንድሙ ኤሊዮ ያሳደጉት ጥበብ አቋም ላይ የቆመ ነው። መጀመሪያ ቦታህን ትይዛለህ፣ ከዚያ ነው ማጥቃት። የኤሊዮ ልጅ ሮይስ በ1993 እኔ በምኖርባት ዴንቨር፣ ዩኤፍሲ በሚባለው የፍልሚያ ውድድር፣ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው አሸንፏል። የመጀመሪያው ተጋጣሚው ቦክሰኛ ነበር። ሮይስ መሬት ጥሎት ደረቱ ላይ ተቀመጠ። አላነቀውም፣ ክንዱንም አልያዘም። ሰውዬው መውጫ አጥቶ መሬቱን መታ። አቋም ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛውን ቦታ የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፣ ልጇ እዚያ ይሄዳል። የተከራዩት አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም። መሬቱ ላይ ስፖንጅ ደርድረው ከላይ ሸራ ወጥረዋል። አሰልጣኙ ወጣት ነው፣ ከእንጅባራ በኩል የመጣ። በጁዶ ነው የጀመረው። ዋጋ ስጠይቅ 1,200 አለኝ። ለልጄስ? "እሱስ ምን የተለየ ነገር አለው እትዬ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። የመጀመሪያውን ቀን ተቀምጠን እንድናይ ነገረን፣ ሳንከፍል።

በር ላይ ጥፍር ያያል። የረዘመ ጥፍር ያለው ቆርጦ ይገባል፣ እግሩ ያልታጠበ ታጥቦ ይገባል። ከዚያ የመጀመሪያው ትምህርት ታፕ ነው። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አስር ጊዜ አስመታቸው። "የመታ አልተሸነፈም፣ ነገ የሚመጣ እሱ ነው" ይላቸዋል። የእህቴ ልጅ ክርኑን እያሻሸ ሲሰማ አየሁት።

ቃላቱን ሁሉ ወደ አማርኛ አምጥቷቸዋል። ደረት ላይ መቀመጥን ኮርቻ ይለዋል። ጎን ለጎን ሆኖ መጫን አለ፣ ጀርባ መያዝ አለ። ከስር ሆኖ ሰውን በሁለት እግር መቆለፍን ቁልፍ ይለዋል። የውድድር ነጥቦቹን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፏል፦ ጥሎ ማውረድ 2፣ ከስር ገልብጦ ከላይ መሆን 2፣ ጉልበት ሆድ ላይ 2፣ ከስር ያለውን ሰው እግር ማለፍ 3፣ ኮርቻ 4፣ ጀርባ 4። ሁሉንም ሦስት ሴኮንድ መያዝ አለብህ። ልጆቹ ቁጥሩን አይተው ራሳቸው ገባቸው፣ የትኛው ቦታ ከየትኛው እንደሚሻል።

ኮርቻውን ሲያስተምር የፈረስ ነገር አመጣ። እነሱ አገር ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ነው፣ ከልጅነቱ ያየው። "ፈረሱ ሲዘል ጋላቢው አይገትርም፣ ዳሌውን ለቆ አብሮት ይሄዳል፣ ጉልበቱን ግን ይጨብጣል" አለ። ልጄ በእንግሊዝኛ አምስት ጊዜ ተነግሮት ያልገባው ነገር ነው። በዚያ ቀን ገባው።

ከኮርቻ ስር መውጣትን ደግሞ ሳምንት ሙሉ አስተማረ። ሁለት መንገድ ብቻ። አንደኛው የላይኛውን ሰው አንድ እጅና በዚያው በኩል ያለውን እግር ይዘህ፣ ዳሌህን ወደ ላይ አንስተህ፣ በያዝከው ጎን በትከሻህ ላይ መገልበጥ። እጁን ካልያዝክ መሬት ተመርኩዞ ይቆማል። ሁለተኛው በጎን ዞሮ ዳሌን እያሸሹ ጉልበትን ከክርን ጋር ማገናኘት ነው። እዚህ ላይ ባዶ ሃይላንድ አምጥቶ ብብታቸው ስር አስያዛቸው። ሃይላንዱ ከወደቀ ክርንህ ተከፍቷል፣ ክንድህ ተወስዷል ማለት ነው። እኔም ገባሁ። "እትዬ፣ ወደቀብዎ" አለኝ ሦስቴ። ልክ ነበር። አምስት ዓመት ሠርቼ የግራ ክርኔ እንደሚከፈት ያኔ ነው ያወቅኩት። ለእኔ ጥንድ እንዲሆኑኝ ሁለት ሴት ተማሪዎች መደበልኝ፣ ሳልጠይቀው።

ጉድለት አለው፣ አልደብቅም። የሴት ልብስ መቀየሪያ የለም፣ እኔና ልጃገረዶቹ ነጠላ ይዘን በየተራ ነው የምንቀይረው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ስፖንጁ መሀል ክፍተት አለው፣ የእግር ጣት ይገባበታል፣ ተጠንቀቁ። ሦስት ሴት ልጆች ብቻ ናቸው ያሉት፣ ያሳዝናል።

እናቴ መጀመሪያ ዩኒፎርሜን ገመድ ላይ ስታይ "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከሰው ጋር መሬት ትንከባለያለሽ?" ብላ ተቆጥታ ነበር። አንድ ማታ ሳሎን ውስጥ ልጄ ከኮርቻ እንዴት እንደሚወጣ ለአያቱ ሲያሳይ፣ የእህቴ ልጅ ተገልብጦ ረከቦቱን ሊያወርደው ትንሽ ሲቀረው፣ ቡናውን አስቀምጣ "እስቲ ድገሙት፣ እጁን የቱ ጋ ነው የሚይዘው?" አለች። ልጄ በተሰባበረ አማርኛው "እዚህ ጋ እማማ፣ እግሩንም" እያለ አስረዳት። ዴንቨር አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ሻወሩ ሙቅ ነው፣ በወር 160 ዶላር እከፍላለሁ። እንዲህ ያለ ማታ ግን እዚያ የለኝም።

ልሄድ ስል ለአሰልጣኙ ተጨማሪ ብር በፖስታ ሰጠሁት። አልተቀበለም። ግድ ካልሽ ሲለኝ፣ ይኸውም ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" የገባው ያን ቀን ነው፣ የልጆች የጥርስ መከላከያ ላኪልኝ አለ። እዚያ አይገኝም። ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አልጻፍኩም። ባህር ዳር ስትሄዱ ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መንገዱን እነግራችኋለሁ። ሻንጣ ላይ ቦታ ካላችሁ የጥርስ መከላከያውን ትንሹን ቁጥር ያዙ፣ አብዛኞቹ ከ10 እስከ 14 ዓመት ናቸው።