ፓምኪንግ፣ ፓንኪን ወይስ ፓምኪንሄድ? የዱባ ቢራ ለምትገዙ

አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ገና ሙቀቱ ሳይበርድ ሊከር ስቶሩ በዱባ ቢራ ይሞላል፣ ስማቸው ደግሞ ስለሚመሳሰል አንዱን ፈልጎ ሌላውን ይዞ የሚሄድ ብዙ ነው። ዱባ ዱባ የሚል ነገር ከጠበቃችሁ ግን አታገኙም፣ ዱባው ራሱ ጣዕሙ ደካማ ስለሆነ አፍ ላይ የሚመጣው ቀረፋው፣ ገውዙና ቅርንፉዱ ነው። ስለዚህ የምታዩት ጣፋጭነቱንና የአልኮሉን መጠን ነው።

ፓምኪንግ የኒውዮርኩ ቢራ ጠማቂ ሳውዘርን ቲየር ነው፣ አልኮሉ 8.6 በመቶ። ገና ሲከፈት ቫኒላና ቅቤ የበዛበት ብስኩት ይሸታል፣ ስትጠጡት ወፍራም ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ሁለተኛውን መድገም እኔ አልችልም። በጣም ቀዝቅዞ ከተጠጣ ሽታው ይጠፋና ስኳሩ ብቻ ይቀራል፣ ከፍሪጅ አውጡትና ትንሽ ይቆይ። ከእራት በኋላ አንዱን ለሁለት ብትካፈሉት ይበቃል።

ፓንኪን የደላዌሩ ዶግፊሽ ሄድ የሚጠምቀው ቡናማ ኤል (የቢራ ዓይነት) ነው፣ 7 በመቶ። ስሙን ያገኘው እዛው ደላዌር ዱባ እየወነጨፉ ማን አራቀ ይባባሉበት ከነበረው ውድድር ነው (አዎ፣ የእውነት እንደዚህ አይነት ውድድር ነበር)። ዱባ፣ ቡናማ ስኳርና ቅመም ገብቶበትም የብቅሉ ጣዕም አልተሸፈነም፣ ቅመሙ መጨረሻ ላይ ነው ብቅ የሚለው፣ ከጥብስ ጋር ደግሞ በደንብ ይሄዳል። አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ እሱን ነው የምገዛው።

ፓምኪንሄድ የሜይኑ ሺፕያርድ ነው፣ የስንዴ ቢራ፣ ከ5 በመቶ በታች። ቀላል ስለሆነ ሰው ሰብስባችሁ ረጅም ሰዓት ለምትጫወቱበት ቀን ይሆናል፣ ብቻውን ግን ትንሽ ውሃ ውሃ ይላል፣ ለዛ ይመስለኛል መጠጥ ቤቶቹ የብርጭቆውን አፍ ስኳርና ቀረፋ የሚቀቡት፣ ቤትም ብትሞክሩት ለውጡ ይታወቃል። የሴንት ሉዊሱ ሽላፍሊ የሚጠምቀው የዱባ ቢራ ደግሞ 8 በመቶ ነው፣ ቅርንፉድ የማይወድ ሰው ባይነካው ይሻላል።

ሌላው፣ ከሃሎዊን በኋላ ዋጋው ሲወርድ ካርቶን ሙሉ ከመጫናችሁ በፊት የተመረተበትን ቀን እዩ፣ ያምና ቢራ እዛው ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል፣ ቅመሙ ደግሞ በቆየ ቁጥር እየደበዘዘ ነው የሚሄደው። ጠንከር ያሉት እነ ፓምኪንግ ትንሽ ይቆያሉ፣ ፓምኪንሄድ ግን የዘንድሮ ካልሆነ ይቅርባችሁ።